ስቡን ለቀቅ አድርጉት

ስለ ስብ የሚወራው ሁሉ ስለ ማቅለጥ ነው። ቦርጭ አጥፉ፣ ይህን ጠጡ፣ ያንን ተዉ። ሕዋስ ስቡን የት እንደሚያስቀምጠው የሚጠይቅ ግን ብዙ የለም። ለእኔ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

ፋቲ አሲድ፣ ማለትም ስብ የሚሠራበት ዋናው ንጥረ ነገር፣ ልቅ ሆኖ ሲበዛ ሕዋሱን ይመርዘዋል። ስለዚህ ሕዋሱ ሦስት ሦስቱን ግሊሰሮል ከሚባል ትንሽ ሞለኪውል ጋር አስሮ ትራይግሊሰራይድ የተባለ የሚከማች ስብ ያደርጋቸዋል። ይህ የሚሠራው ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም በሚባለው የሽፋን መረብ ላይ ነው። ሽፋኑ ሁለት ንጣፍ አለው። ትራይግሊሰራይድ ከውኃ ጋር አይስማማም፤ መሄጃ ሲያጣ በሁለቱ ንጣፎች መሃል ይሸጎጣል። ጥቂት ከሆነ ይበተናል፣ ሲበዛ ይሰባሰባል።

የት እንደሚሰባሰብ የሚያመላክተው ሴይፒን የተባለ ፕሮቲን ነው። በሰው ሕዋስ ውስጥ 11 ሴይፒኖች ቀለበት ሠርተው ይቆማሉ። ስቡ መሃላቸው ይጠራቀምና ወደ ሕዋሱ ፈሳሽ በኩል አብጦ ጠብታ ይሆናል። ሲወጣ አንዱን ንጣፍ ብቻ ለብሶ ነው።

ከዚያ ማደግ ነው። ስብ ከመረቡ ይፈስለታል። አንዳንድ ኢንዛይሞችም ጠብታው ላይ ወጥተው እዚያው ያመርቱለታል። የጠብታው ሽፋን አብሮ ካልሰፋ ግን ጠብታዎቹ መዋሃድ ይጀምራሉ። ስብ በሚያከማቸው ነጭ የስብ ሕዋስ ደግሞ መዋሃዱ ተፈላጊ ነው። ትንሹ ጠብታ ስቡን ለትልቁ እያስተላለፈ በመጨረሻ አንድ ግዙፍ ጠብታ ይቀርና ኒውክሊየሱን (የሕዋሱን አስኳል) ጥግ ያስይዘዋል።

ሴይፒን ሲበላሽስ? ቤራርዲኔሊ-ሴይፕ የሚባል በዘር የሚተላለፍ ሕመም አለ፤ አንዱ መንስኤው ይኸው ነው። ሕመሙ ያለባቸው ሰዎች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ከቆዳቸው ሥር ስብ የላቸውም ማለት ይቻላል። የማስታወቂያዎቹ ሕልም ይመስላል አይደል? ግን ማረፊያ ያጣው ስብ ጉበታቸውን ይሞላል፤ ደማቸው ውስጥ ትራይግሊሰራይድ ያሻቅባል፤ ብዙዎቹን ገና በወጣትነታቸው ስኳር በሽታ ይይዛቸዋል።

ሳይንቲስቶችም ቢሆኑ ጠብታውን በ19ኛው መቶ ዘመን አይተው ለረጅም ጊዜ ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ነገሩ መለወጥ የጀመረው በ1991 እ.ኤ.አ. ፔሪሊፒን የተባለው የጠብታው ጠባቂ ፕሮቲን ከታወቀ በኋላ ነው። የእኛ ወሬ ግን አሁንም ኪሎ ላይ ነው። ቀጭን ሆኖ ጉበቱ በስብ የተሞላ ሰው እኮ አለ። ሚዛን ይህን አይነግረውም። የወገብ ልኬት፣ የደም ትራይግሊሰራይድና የጉበት ምርመራ የተሻለ ይነግሩታል። የጤና ምክር የሚሰጡ ሰዎች ከኪሎው በፊት እነዚህን ቢጠይቁ ምን አለበት?