ተዋናይ ራፐር ሲሆን ለምን እንስቃለን?

ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2009 ነው (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። ተዋናዩ ዋኪን ፊኒክስ ፂሙን አንዠርግጎ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ማስቲካ እያላመጠ የአሜሪካው የቴሌቪዥን አዝናኝ ዴቪድ ሌተርማን ፕሮግራም ላይ ቀረበ። ትወና አቁሞ ራፐር ሊሆን መነሳቱ አስቀድሞ ተወርቶ ነበር። ተመልካቹ በሳቅ ፈረሰ። ግማሹ "አበደ" አለ። በቀጣዩ ዓመት ኬሲ አፍሌክ ያዘጋጀው ፊልም ሲወጣ ነገሩ ሁሉ ትወና እንደነበር ታወቀ።

ይሄው ሰው በ2005 በወጣ ፊልም ላይ የካንትሪ ዘፋኙን ጆኒ ካሽን ሲተውን ዘፈኖቹን በራሱ ድምፅ ነበር የዘፈነው። ያኔ የሳቀ የለም። እንዲያውም ለኦስካር ታጨ። ስለዚህ ሰውን ያሳቀው ተዋናይ መዝፈኑ አይደለም። ራፕ ማድረጉ ነው።

ዘፋኝ ሌላ ሰው የጻፈለትን ግጥም ቢዘፍን ማንም አይቆጣም። የእኛ አገር አልበሞችም ግጥሙንና ዜማውን የሠራውን ሰው ስም ይጽፋሉ፣ አለቀ። ራፕ ላይ ግን "እኔ" ያለው ሰው ራሱ መሆን አለበት። እንደ ድሮው ፉከራ ነው። ፎካሪው የሚፎክረው የዋለበትን ጦር ሜዳ፣ የጣለውን ግዳይ እየጠራ ነው። ያልዋለበትን ቢጠራ መሳቂያ ይሆናል። የተዋናይ ሙያ ደግሞ ያልዋሉበትን እንደዋሉበት ማስመሰል ነው። ግጭቱ እዚህ ላይ ነው።

በነገራችን ላይ በተቃራኒው ሲሆን በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል። ዊል ስሚዝ፣ አይስ ኪዩብ፣ ኩዊን ላቲፋ ከራፕ ወደ ፊልም ሲሄዱ "እናንተ ማን ናችሁ?" ያላቸው ብዙ አልነበረም።

አሁን ድሬክን እንይ። የቶሮንቶ ልጅ ነው። ከ2001 ጀምሮ "ደግራሲ" በተባለው የካናዳ ተከታታይ ድራማ ላይ ጂሚ ብሩክስን ሆኖ ተውኗል። ጂሚ ትምህርት ቤት ውስጥ በጥይት ተመትቶ ዊልቸር ላይ የሚቀር የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነው። ድሬክ ድራማውን ሳይለቅ በ2006 የመጀመሪያ ሚክስቴፑን (ከመደበኛ አልበም ውጭ የሚለቀቅ የዘፈኖች ስብስብ) አወጣ። ስሙን ያስጠራለትን "ሶ ፋር ጎን"ን በነጻ ኢንተርኔት ላይ የለቀቀው መቼ መሰላችሁ? ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2009። ፊኒክስ ከተሳቀበት ሁለት ቀን በኋላ! ዓለም በአንዱ ተዋናይ ሲስቅ ሌላው በጓሮ በር ገባ። በ2010 የመጀመሪያ አልበሙ ቢልቦርድ በተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ 1ኛ ሆኖ ነው የጀመረው።

እንዴት ተሳካለት? በእኔ እምነት ከማንነቱ ሳይሸሽ ስለሠራ ነው። ዘራፊ ነበርኩ፣ ዕፅ ስሸጥ ነው ያደግኩት አላለም። ስለ እናቱ፣ ስለ ፍቺ፣ ስለተለያት ልጅ፣ ስለ ዝና ብቸኝነት አወራ። ሙድ የያዙበት ግን አልጠፉም። "ዊልቸር ጂሚ" የሚለው ስም ዛሬም ይከተለዋል። በ2015 ራፐሩ ሚክ ሚል "ግጥሙን ራሱ አይጽፍም" ብሎ ሲከሰው ደግሞ ጉድ ፈላ። አስቡት፣ ለተዋናይ ሌላ ሰው የጻፈውን መናገር የዕለት እንጀራው ነው። ለራፐር ግን ነውር ነው። በ2018 ድሬክ የደግራሲ ጓደኞቹን ሰብስቦ ክሊፕ ሠራባቸው። ብልጥ ነው። በ2024 ራፐሩ ኬንድሪክ ላማር "ኖት ላይክ አስ" በተባለው ዘፈን የመታው ግን መልሶ እዚያው ማንነቱ ላይ ነው፤ "አንተ ከእኛ አይደለህም" ብሎ። ያ ዘፈን 5 ግራሚ ወሰደ።

ድሬክ ገና ዝነኛ በሆነ ጊዜ ብቅ ያደረገውን ሌላ የቶሮንቶ ልጅ እናውቀዋለን፣ የእኛውን አቤል ተስፋዬን (ዘ ዊክንድን)። አቤል በኋላ ከዘፈን ወደ ትወና ሄደ። የ2023 ተከታታይ ድራማው በሃያሲያን ክፉኛ ተወቀጠ። ቢሆንም "አስመሳይ" አላሉትም፣ "ድራማው አይረባም" ነው ያሉት። በጣም የተለየ ስድብ ነው።

ከሁሉም ግን ትምህርት የሚሆነኝ ዶናልድ ግሎቨር ነው። የኮሜዲ ጸሐፊና ተዋናይ ሆኖ ሳለ ቻይልዲሽ ጋምቢኖ በሚል ስም ራፕ ጀመረ። ስሙን ያገኘው ኢንተርኔት ላይ ስም ከሚፈጥር የቀልድ ገጽ ነው። የ2011 አልበሙን ፒችፎርክ የተባለው የሙዚቃ ሂስ ድረ ገጽ ከ10 1.6 ሰጠው። ጨካኝ ነጥብ ነው፤ ግን ስሰማው ትንሽ ይገባኛል። በየስንኙ "እኔም እኮ ራፐር ነኝ" እያለ የሚከራከር ይመስላል።

በ2018 "ዚስ ኢዝ አሜሪካ"ን ሲለቅ ክርክሩን ትቶ ነበር። ያንን ክሊፕ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። ፊቱ በአንዴ ከፈገግታ ወደ ጭካኔ ይገለበጣል፣ ይጨፍራል፣ ይተኩሳል፣ መልሶ ይጨፍራል። ተዋናይ ያልሆነ ራፐር እንዲያ ሊሠራው አይችልም። በ2019 4 ግራሚ አገኘ። የዓመቱን ምርጥ ሪከርድና ምርጥ ዘፈን ያሸነፈ የመጀመሪያው የራፕ ሥራ ሆነ። እንግሊዛዊው ተዋናይና ራፐር ሪዝ አህመድም ሁለቱን ነጣጥሎ አያውቅም። ከራፕ አልበሙ ጋር አያይዞ የሠራው አጭር ፊልም በ2022 ኦስካር አሸንፏል።

ወደ እኛ ስመጣ፣ የአገራችን ቴአትር ቤቶች ዘፋኝና ተዋናይን በአንድ ጣሪያ ሥር ነው ያሳደጉት። አባባ ተስፋዬ ይተውኑም ይዘፍኑም ነበር። ስለዚህ እኛ ለመሳቅ ምክንያታችን ያነሰ ነው። በአማርኛ ራፕ እኔን የሚያስቸግረኝ ሌላ ነገር ነው። ቢቱ ሲፈጥን የሚጠብቀው ፊደል ይላላል፣ የሚላላው ይጠብቃል፣ ትርጉሙም ይጠፋል። የጸጋዬ ገብረመድኅንን የግጥም ተውኔት መድረክ ላይ የተወጣ ተዋናይ ይሄ አይጠፋበትም። የት መተንፈስ እንዳለበትም ያውቃል። እንዲህ ያለ ሰው ነገ ስቱዲዮ ቢገባ እኔ በበኩሌ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ። "የሰፈሩ ዱርዬ እኔ ነበርኩ" ብሎ ካልጀመረ።