የማሪያ ካላስን ሞት አየን፤ ሥራዋስ የት አለ?

ስለ ታላቅ ዘፋኝ ፊልም የሚሠራ ሰው አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት ብዬ አምናለሁ። ይህች ሴት እንዲህ መዝፈን የቻለችው እንዴት ነው? የዳይሬክተሩ የፓብሎ ላራይን «ማሪያ» ሌላ ጥያቄ ነው የመረጠው። ይህች ሴት የሞተችው እንዴት ነው?

ፊልሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ2024 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንጀሊና ጆሊ የኦፔራዋን ንግሥት ማሪያ ካላስን ሆና ትሠራለች። ታሪኩ የሚጀምረው ሴፕቴምበር 16 ቀን 1977 ነው። ያን ቀን ካላስ ፓሪስ በሚገኘው አፓርታማዋ በ53 ዓመቷ አረፈች። ከዚያ ፊልሙ አንድ ሳምንት ወደ ኋላ ይመለስና እስከዚያች ቀን ድረስ ይከተላታል። መድኃኒት ትውጣለች። ምግብ በቅጡ አትበላም። በሐሳቧ የፈጠረችው ጋዜጠኛ ቃለ መጠይቅ ያደርግላታል። ስሙ ማንድራክስ ነው፤ የምትውጠው መድኃኒት ስም። መሃል ላይ ትዝታ በጥቁርና ነጭ ይመጣል። እዚያ ውስጥ ግሪካዊው ቱጃር አርስቶትል ኦናሲስ አለ።

የሚመሰገነውን ላስቀድም። የኤድ ላክማን ካሜራ ድንቅ ነው፤ ለኦስካር መታጨቱም ይገባዋል። ቤቱን የሚያስተዳድረውን ፌሩቾንና የቤት ሠራተኛዋን ብሩናን የሚጫወቱት ፒየርፍራንቼስኮ ፋቪኖና አልባ ሮርዋከር የፊልሙ ልብ ናቸው። ካላስ ፒያኖውን ከክፍል ክፍል አንቀሳቅስ ስትለው ፌሩቾ ያለ ቃል ይገፋል። ብሩና እንቁላል ስትጠብስ ካላስ አጠገቧ ቆማ ትዘፍንላትና እንዴት ነኝ ብላ ትጠይቃታለች። እነዚህን ትዕይንቶች ደግሜ ባያቸው አይሰለቹኝም።

ጆሊም ለፍታለች። ለሰባት ወር ገደማ ድምፅ ስትማር ከርማለች። በፊልሙ የምንሰማው የሁለቱ ሴቶች ድምፅ ተቀላቅሎ ነው። ካላስ በነገሠችባቸው ዘመናት ከድሮ ቅጂዎች የተወሰደው የራሷ ድምፅ ይጎላል። ድምፁ ሲሰበር ደግሞ የጆሊ ይበዛል። ይህን ያህል መጨነቅ ለካላስ ክብር መስጠት ነው።

ቅሬታዬ ከአቀራረቡ ይጀምራል። ላራይን በ2016 ስለ አሜሪካው ፕሬዚዳንት ሚስት ስለ ዣክሊን ኬኔዲ፣ በ2021 ደግሞ ስለ ልዕልት ዳያና ፊልም ሠርቷል። «ማሪያ» ሦስተኛዋ ናት። ሦስቱም ላይ የምናየው ተመሳሳይ ነገር ነው። ጥቂት ቀናት፣ የሚያምር ቤት፣ ውስጧ የሚቃጠል ሴት። ለሁለቱ ይህ አቀራረብ ልክ ነበር። ዓለም ዣክሊንንና ዳያናን ያወቃቸው በትዳራቸው ነው። ያፈናቸውም ያው ቤትና ያው ስም ነው። ካላስን ግን እንደነሱ ማየት አይቻልም። ከኦናሲስ ጋር ፍቅር የጀመሩት በ1959 ነው። በዚያን ጊዜ ሚላን የሚገኘውን ዝነኛ ኦፔራ ቤት ላ ስካላን የዓመቱን መክፈቻ ኦፔራ ዘፍና ከከፈተች ሰባት ዓመት አልፏታል። ስሟን ማንም አልሰጣትም። በጉሮሮዋ ነው ያመጣችው።

እንዴት አመጣችው? እዚህ ላይ ነው ፊልሙ ባዶ የሚሆንብኝ። መድረኩን ያሳየናል። መብራቱን፣ ቀሚሱን፣ ጭብጨባውን ያሳየናል። እዚያ ያደረሳትን ግን አያሳይም።

ካላስ በ1923 ኒውዮርክ ውስጥ ከግሪካውያን ወላጆች ተወለደች። በ1937 ከእናቷ ጋር ወደ አቴንስ ሄደች። እዚያ ኤልቪራ ዴ ሂዳልጎ የምትባል ስፔናዊት ሶፕራኖ፣ ማለት ከፍተኛውን የሴት ድምፅ የምትዘፍን፣ አስተማረቻት። ወጣቷ ካላስ የራሷን ትምህርት ጨርሳ ወደ ቤቷ አትሄድም ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጣ የሌሎቹን ተማሪዎች ትምህርት ታዳምጣለች። የእሷ ዓይነት ድምፅ የሌላቸውንም ጭምር። ጦርነት መጥቶ ከተማው ሲያዝ፣ ረሃብ ሲገባ፣ መዝፈኗን አላቆመችም። ፊልሙ ከዚያ ዘመን የመረጠልን እናቷ ወራሪ መኮንኖችን እንድታስደስት የምታደርግበትን ትዕይንት ነው። ያ ቁስል ነው፤ ይታይ። ካላስ በመምህሯ ክፍል ውስጥ የዋለችበት ቀን ግን አንድ ደቂቃ እንኳ አይገባውም ነበር?

ሌላ ደግሞ አለ። ካላስ ዓይኗ ሩቅ አያይም ነበር። በዕለት ተዕለት ሕይወቷ ወፍራም መነጽር ታደርጋለች፤ መድረክ ላይ ደግሞ መነጽር የለም። የኦርኬስትራውን መሪ እጅ ማየት አትችልም። ሌላ ዘፋኝ ሲጨንቀው ቀና ብሎ መሪውን ያያል። እሷ የሚረዳት ጆሮዋ ብቻ ነው። ስለዚህ ሙዚቃውን ሙሉ በሙሉ በቃሏ መያዝ ነበረባት። የራሷን ዜማ ብቻ ሳይሆን የሌሎቹን ዘፋኞች፣ የቫዮሊኑን፣ የዋሽንቱን መግቢያ ሁሉ። ልምምድ ላይ አንዲት ሳትቀር መገኘቷ፣ መድረኩን በእግሯ መለካቷ ከዚህ ነው የሚመጣው። ለፊልም ሠሪ ከዚህ የተሻለ ምን ስጦታ አለ? ካሜራው በእሷ ዓይን ቢያይ፣ አዳራሹ ሁሉ ጭጋግ ቢሆንና ድምፁ ብቻ ጥርት ብሎ ቢሰማ እኮ አንድ ቃል ሳይነገር ሁሉም ይገባን ነበር።

ጃንዋሪ 1949 ቬኒስ ደግሞ ብቻዋን አንድ ፊልም ትሆናለች። ካላስ 25 ዓመቷ ነው። ላ ፌኒቼ በሚባለው ቲያትር የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የዋግነርን ኦፔራ እየዘፈነች ነው፣ ብሩንሂልዴን ሆና። በዚያው ሰሞን የጣሊያናዊውን የቤሊኒን ኦፔራ «ኢ ፑሪታኒ» ልትዘፍን የነበረችው ማርጌሪታ ካሮሲዮ ታመመች። መሪው ቱሊዮ ሰራፊን ሚናውን ለካላስ ሰጣት። የቀራት አንድ ሳምንት ገደማ ነበር። ሚናውን አታውቀውም። በዚያ ላይ ማታ ማታ ዋግነርን መዝፈኗን አላቋረጠችም።

ኦፔራ ለማያዘወትር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልናገር። የዋግነር ሚና ትልቅና ከባድ ድምፅ ይፈልጋል፤ ግዙፍ ኦርኬስትራን ሰንጥቆ የሚወጣ። የቤሊኒ ሚና ደግሞ ቀላል፣ ፈጣን፣ ላይ ታች የሚሮጥ ድምፅ ነው የሚጠይቀው። ቀን እህል የተጫነ ፈረስ በማግስቱ ጉግስ ሜዳ ላይ ይጋልብ እንደማለት ነው። በዚያን ጊዜ ሁለቱን የሚዘፍኑት የተለያዩ ሴቶች ነበሩ። ካላስ ሁለቱንም ዘፈነች። የጣሊያን ሙዚቃ ዓለም ማመን አቃተው። ከዚያ በኋላ አቧራ የለበሱ የድሮ የጣሊያን ኦፔራዎች እየተነሱ ወደ መድረክ ተመለሱ። በ1952 ለንደን ውስጥ ካላስ በቤሊኒ ኦፔራ «ኖርማ» ዋናዋን ሚና ስትዘፍን የረዳቷን ትንሽ ሚና የያዘችው ወጣቷ ጆአን ሰዘርላንድ ነበረች። ሰዘርላንድ በኋላ በዚያው መንገድ ሄዳ የዓለም ኮከብ ሆነች።

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ከካላስ ጋር የምንገናኝበት አንድ ቦታ አለን። እሱም «አይዳ» የተባለው ኦፔራ ነው። የጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ የቨርዲ አይዳ ኢትዮጵያዊት ልዕልት ናት። ግብፅ ውስጥ ተማርካ ባሪያ ሆናለች። አባቷ ንጉሥ አሞናስሮም ተማርኮ ይመጣል። ኦፔራው መጀመሪያ የታየው በ1871 ካይሮ ውስጥ ሲሆን ያሠራው የግብፅ ገዥ ኸዲቭ እስማኤል ነው። የዚሁ እስማኤል ጦር ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ አገራችን ዘምቶ በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ጉራ ላይ በአፄ ዮሐንስ ጦር ድል ተመታ። ኦፔራው ላይ የሚታየው የግብፅ ድል በምድር ላይ አልሆነም።

ካላስ ላ ስካላ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣችው አይዳን ሆና ነው። በ1950 ሬናታ ተባልዲ ስትታመም ተተክታ ነው የገባችው። በዚያው ዓመት ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ የሠራችውን ግን ሰምቼ አልጠግበውም። በሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ግብፃውያኑ ድላቸውን ያከብራሉ። መለከት ይነፋል፣ መዘምራኑ በሙሉ ይዘምራሉ፣ ኦርኬስትራው ያለውን ኃይል ሁሉ ያወጣል። ካላስ ከዚያ ሁሉ በላይ ቨርዲ ያልጻፈውን አንድ ከፍተኛ ድምፅ አወጣች። አውጥታም ያዘችው። በ1951 እዚያው ከተማ ደገመችው። ቅጂዎቹ ሻካራ ናቸው፤ ድምፁ ግን ግልጽ ነው። ምርኮኛዋ ኢትዮጵያዊት ከማረኳት ሁሉ በላይ ትሰማለች። እኔ በበኩሌ ይህን ስሰማ ሰውነቴን ይወረኛል።

ዳይሬክተር የፈለገውን የመምረጥ መብት አለው የሚል ሰው ይኖራል። አለው። ፊልም የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ አይደለም፤ ሁሉን ነገር አያስገባም። ነገር ግን መጨረሻውን ብቻ ስንመርጥ አንድ የተሳሳተ ታሪክ አብሮ ይሾልካል። ፍቅር ነው የገደላት፣ ኦናሲስ ነው ድምፅዋን የቀማት የሚለው። ቀኖቹን እንቁጠር። ካላስ ሙሉ ኦፔራ ለመጨረሻ ጊዜ የዘፈነችው ጁላይ 1965 ለንደን ላይ ነው፤ ገና 41 ዓመቷ ነበር። ኦናሲስ ዣክሊን ኬኔዲን ያገባው ኦክቶበር 1968 ነው። ድምፁ የሄደው ልቧ ከመሰበሩ ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ከፍ ባሉት ድምፆች ላይ መንቀጥቀጡ ደግሞ ከኦናሲስም በፊት ይሰማ ነበር። አንዳንዱ ገና በወጣትነቷ ከባድ ሚና ስለተሸከመች ነው ይላል። ሌላው በ1953 እና በ1954 ብዙ ኪሎ በመቀነሷ ነው ይላል። ጡንቻን የሚያደክም በሽታ ነበረባት ያሉም አሉ። የቱም ይሁን፣ ነገሩ የሰውነትና የሥራ ጉዳይ ነው። በሥራ ያደከመችውን ጉሮሮ ወስደን ለአንድ ወንድ ማስረከብ አይገባም።

ፊልሙ ይህን ጭራሽ አልዘነጋውም ልበል። ካላስ በባዶ ቲያትር ከፒያኖ ተጫዋች ጋር ሆና ድምፅዋን ለመመለስ የምትታገልባቸው ትዕይንቶች አሉ። ከፊልሙ ጠንካራዎቹ እነሱ ናቸው። ስታቆም፣ ስትበሳጭ፣ እንደገና ስትጀምር ሠራተኛዋ ካላስ ትታየናለች። ወዲያው ግን ወደ መድኃኒቱና ወደ ሕልሙ እንመለሳለን።

ላራይን መጨረሻዎቹን ዓመታት ካልተውኩ ካለም ቁሳቁሱ እጁ ላይ ነበር። ከኦክቶበር 1971 እስከ ማርች 1972 ካላስ ኒውዮርክ በሚገኘው ጁሊያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት 23 ጊዜ አስተምራለች። 25 ወጣት ዘፋኞች ተመርጠው ነበር። አዳራሹ በተመልካች ይሞላል። ተማሪው መሃል ላይ ይቆማል፣ ይዘፍናል፤ እሷ ታስቆመዋለች። ቃሉን እንዲናገር፣ ትንፋሹን እንዲቆጥብ፣ ጌጡን ትቶ ስሜቱን እንዲይዝ ትነግረዋለች። ስለ ራሷ ሕይወት አታወራም። ስለ ኦናሲስ አታወራም። ስለ ሙዚቃው ብቻ ነው የምታወራው። ማስረዳት ሲያቅታት ራሷ ትዘፍነዋለች፤ በዚያ ሁሉም በሚያውቀው የተሰበረ ድምፅ፣ በሰው ሁሉ ፊት።

የእነዚያ ክፍለ ጊዜዎች ቅጂ ታትሞ ወጥቷል፤ ማንም ሊሰማው ይችላል። ድምፅ የሌላት ዘፋኝ፣ ድምፅ ያላቸው ልጆች፣ አንድ ፒያኖ። ላራይን እዚያ ክፍል አልገባም። ቀጥሎ ስለ ካላስ ፊልም የሚሠራ ሰው ከዚያ ይጀምር።