«ሪፐብሊክ ነን» ማለት ለዲሲ ሰው ምን ይጠቅመዋል?

አሜሪካ ውስጥ ስለ ምርጫ ወይ ስለ ሴኔት (የኮንግረሱ ላይኛው ምክር ቤት) ክርክር በተነሳ ቁጥር የሆነ ሰው ብድግ ይልና «እኛኮ ሪፐብሊክ ነን እንጂ ዴሞክራሲ አይደለንም» ይላል፣ ክርክሩም እዛው ላይ ይዘጋል። የዩታው ሴናተር ማይክ ሊ ሳይቀሩ በ2020 ምርጫ ሰሞን «ዴሞክራሲ አይደለንም» ብለው ትዊተር ላይ ጽፈዋል።

አባባሉ ከየትም የመጣ አይደለም። የአሜሪካን ሕገ መንግስት ካረቀቁት አንዱ ጄምስ ማዲሰን በ1787 ሕገ መንግስቱ እንዲጸድቅ ሲከራከር፣ ሕዝቡ ራሱ ተሰብስቦ ሕግ የሚያወጣበትን ዴሞክራሲ አለው፣ ወኪል መርጦ የሚተዳደርበትን ደግሞ ሪፐብሊክ፣ የፈራውም ብዙሃኑ በስሜት ተነድቶ የጥቂቶችን መብት እንዳይረግጥ ነው። ሕገ መንግስቱ ላይም ዴሞክራሲ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። እሺ፣ ግን ማዲሰን ያኔ ሪፐብሊክ ያለው ነገር እኮ ዛሬ ዓለም በሙሉ ዴሞክራሲ የሚለው ነው፣ ሕዝብ ወኪሉን መርጦ መተዳደሩ!

ደሞም ሁለቱ የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም፣ ሪፐብሊክ ማለት ንጉስ የለንም ነው፣ ዴሞክራሲ ማለት ደግሞ መሪውን የሚያወጣውም የሚያወርደውም ሕዝቡ ነው። እንግሊዝና ጃፓን ዘውድ አላቸው፣ ሕዝቡ ግን በምርጫ መንግስት ይቀይራል። ሰሜን ኮሪያ ደግሞ ስሟ ላይ ሁለቱንም ደርድራለች፣ እኛም በ1980 ዓ.ም. ደርግ ኢሕዴሪ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) ሲሆን ዴሞክራሲያዊም ሪፐብሊክም ተብለን መንግስቱ ኃይለማርያም ግን እዛው ወንበሩ ላይ እንደነበሩ የሚያስታውስ ብዙ ሰው አለ። ስለዚህ «ሪፐብሊክ ነን እንጂ ዴሞክራሲ አይደለንም» ማለት ሰውየው ጎንደሬ ነው እንጂ ሐኪም አይደለም እንደማለት ነው፣ ሁለቱንም መሆን ይችላላ።

እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ወሬው ሰው ላይ የሚያደርሰው ነገር ነው። ዋሽንግተን ዲሲን እዩ። በ2020 ቆጠራ ወደ 690 ሺህ ሰው ይኖርባታል፣ ዋዮሚንግ ደግሞ 577 ሺህ ገደማ። ዋዮሚንግ እንደማንኛውም ስቴት ሁለት ሴናተር አላት፣ ዲሲ ግን ስቴት ስላልሆነች አንድም የላትም፣ ታችኛው ምክር ቤት ያለችው አንድ ተወካይም ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ አትሰጥም። ፕሬዝዳንት መምረጥ እንኳን የተፈቀደላቸው በ1961 በ23ኛው የሕገ መንግስት ማሻሻያ ነው። ታክሲ ነድቶ፣ ፓርኪንግ ሎት ሰርቶ፣ ዩ ስትሪት አካባቢ ሱቅና ምግብ ቤት ከፍቶ ዜግነት ያገኘው ወገናችን የፌዴራል ታክሱን እንደማንም ሰው ይከፍላል፣ ዳኛ ሲሾም ወይ ጦርነት ሲታወጅ ግን የሱን ድምፅ ይዞ ሴኔት የሚገባ ሰው የለም። አሜሪካ ከእንግሊዝ ንጉስ ጋር የተጣላችው እኮ ያለ ውክልና ታክስ አንከፍልም ብላ ነው!

የራሳቸውን ከንቲባና ምክር ቤት ይመርጣሉ የሚል አለ። ልክ ነው፣ ግን ኮንግረስ ያን ምክር ቤት ሕግ መሻር ይችላል፣ በ2023 ከተማው ያሻሻለውን የወንጀል ሕግ ሽሮታል፣ ፕሬዝዳንት ባይደንም ፈርመውበታል። ዲሲ ስቴት ትሁን የሚለው ሕግ በ2020 እና በ2021 ታችኛውን ምክር ቤት አልፎ ሴኔት ላይ ቀረ። ሕገ መንግስቱ መሻሻል አለበት ወይስ የለበትም፣ መሬቷ ወደተቆረሰበት ስቴት ወደ ሜሪላንድ ትመለስ ወይስ እንዳለች ትቆይ የሚለው እውነተኛ የሕግ ክርክር ነው፣ እሱን ቁጭ ብሎ መከራከር ይቻላል። ዲሲ ሁሌ ዴሞክራት ስለምትመርጥ ሪፐብሊካኖች ሁለት ሴናተር እንዳይጨመርባቸው መስጋታቸውም ይገባኛል። ግን ይህን ሁሉ ትቶ «ሪፐብሊክ ነን» ብሎ ማለፍ መልስ አይሆንም፣ ምክንያቱም ማዲሰን ራሱ ሪፐብሊክ ያለው ወኪል ያለውን ሕዝብ ነው፣ የዲሲ ሕዝብ ደግሞ የጎደለው እሱው ወኪሉ ነው።

ቴክሳስ፣ ዳላስና ሂውስተን ያላችሁ ዜጎች ሁለት ሴናተር አላችሁ። ቢሯቸው ደውሉና ዲሲ ያለው ወንድማችሁ ለምን የለውም ብላችሁ ጠይቁልን፣ ሪፐብሊክ ስለሆንን ነው ካሏችሁም ስልኩን አትዝጉ።