የጎታ መስፍን ቤት፣ ሠርግ ከመብዛቱ በፊት

የሳክስ-ኮበርግ-ጎታ ቤት፣ ያ የጀርመን መሳፍንት ዘር፣ ሲነሳ ወሬው ሁሉ የጋብቻ ነው። ሊዮፖልድ እ.ኤ.አ. በ1831 የቤልጅየም ንጉሥ ሆነ፤ የወንድሙ ልጅ አልበርት በ1840 የእንግሊዟን ንግሥት ቪክቶሪያን አገባ፤ ፖርቱጋልና ቡልጋሪያም ከዚያው ዘር አንግሠዋል። የእንግሊዝ ንጉሣውያን በ1917 «ዊንዘር» የተባሉትም ከጀርመን ጋር እየተዋጉ የጀርመን ስም መያዝ ስላላዋጣቸው ነው።

ለእኔ ግን የዚህ ቤት ትልቁ ሰው ዘውድ ያልደፋው ቀዳማዊ ኤርንስት ነው። «መንፈሳዊው» ይሉታል። በ1640 ከወንድሞቹ ጋር ርስት ሲካፈል የደረሰችው ጎታ የሠላሳው ዓመት ጦርነት ያራቆታት ጠባብ አገር ነበረች። በጦር የትም እንደማይደርስ የገባው ይመስለኛል። በ1642 ያወጣው የትምህርት ደንብ የገጠር ልጆችን፣ ወንድ ሴት ሳይል፣ ትምህርት ቤት እንዲገቡ አዘዘ።

እኛንም የሚመለከተን እዚህ ላይ ነው። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ሮም ሳሉ ጀርመናዊውን ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍን ግዕዝና አማርኛ አስተምረውት ነበር። ሉዶልፍ የኤርንስት ሹም ሲሆን መስፍኑ አባን በ1652 ወደ ግዛቱ አስመጣቸው፤ ስለ ሃይማኖታቸውና ስለ አገራቸው አስጠየቃቸው። ዓላማው ንጹሕ የእውቀት ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ ሉተራዊው መስፍን ከኢትዮጵያ ጋር መወዳጀት ይፈልግ ነበር። በ1663 የላከው መልእክተኛ ቫንስሌብ ግን ከግብፅ አላለፈም፤ ይባስ ብሎ ካቶሊክ ሆነ። አባ ጎርጎርዮስም በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ባሕር ላይ ሰጥመው ቀርተዋል። ያስተማሩት ግን አልጠፋም፤ ሉዶልፍ በ1698 ፍራንክፈርት ላይ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። እኛ ሉዶልፍን እናመሰግናለን፣ ወጪውን የቻለውን መስፍን አናነሳም።

ኤርንስት በ1675 ከሞተ በኋላ ሰባት ወንዶች ልጆቹ ግዛቷን ሰባት ቦታ ቆራረሷት። የጎታው ዘር በ1825 ተቋረጠ፤ በዓመቱ የኮበርጉ ዘመድ ወረሳት። የአልበርት ወንድም ዳግማዊ ኤርንስት በ1862 በምጽዋ በኩል ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ወዳለው መንሳዕ ዘልቆ ነበር። የመጣው አውሬ ለማደን ነው። የሩቅ አያቱ መንፈሳዊው ኤርንስት ከዚህ አካባቢ የመጣን መነኩሴ ተቀምጦ እንደጠየቀ አስቦ ይሆን? ብዙም አይመስለኝም።

የመጨረሻው መስፍን ካርል ኤድዋርድ በ1918 ሥልጣኑን ለቀቀ፣ ኋላም ናዚ ሆነ።