ጭምብል ጎንደር ላይ አይሠራም

ቅዳሜ ከሰዓት ጥቂት ተማሪዎች እየተሰበሰቡ የጻፉትን ያነባሉ። እኔ ሻዬን እየጠጣሁ እሰማለሁ። አንዳንዴ ነገር እፈልጋቸዋለሁ። ባለፈው ወር አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ደብተሩን ገለጠና ልብ ወለዱን አነበበልን። ጀግናው ቀን ቀን ተማሪ ነው። ማታ ጥቁር ጭምብል አጥልቆ፣ ከጣሪያ ጣሪያ እየዘለለ፣ ሌባ ያሳድዳል። ቦታው ደግሞ እዚሁ ጎንደር፣ አራዳና ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ነው። ኒውዮርክ ስላልሄደብኝ ደስ አለኝ።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት።

«ጣሪያው ምንድን ነው?»

«ማለት?»

«የሚዘልበት ጣሪያ። ከምን የተሠራ ነው?»

ትንሽ አሰበና ሳቀ። ሌሎቹም ተከተሉት። ድመት ሌሊት ቆርቆሮ ላይ ስትሮጥ ምን እንደምታሰማ ያልሰማ የለም። ስድሳ ኪሎ የሚመዝን ጎረምሳ ሲያርፍበት አስቡት። የሰፈሩ ውሻ በሙሉ ይነሣል። ሁለተኛውን ጣሪያ ሳይረግጥ አንድ አባት ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ባትሪ ይዘው ይወጣሉ። «ማነህ?» ይላሉ። መልሱን ሳይጠብቁ ደግሞ «የማን ልጅ ነህ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህቺ ሁለተኛዋ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣችም። ለወጣቶች ሱፐርሂሮ እንጻፍ የሚሉ ልጆች እየበዙ ነው፤ ይብዙልን። ግን አብዛኞቹ የሚጀምሩት ከኃይሉ ነው። ይበራል? እሳት ይተፋል? ግድግዳ ይሰብራል? ኃይል ርካሽ ነው፤ ማንም በአምስት ደቂቃ ይፈጥረዋል። ጎንደር ላይ ከባዱ ነገር መደበቅ ነው። እዚህ የሚኖር ጀግና መደበቅ አይችልም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ደግሞ ታሪኩ የሚጥመው እዚያ ላይ ነው።

ጭምብል የመጣው ከትልቅ ከተማ ነው። ሱፐርማንን በ1938 እ.ኤ.አ. ለአንባቢ ያቀረቡት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት የክሊቭላንድ ወጣቶች ናቸው። የእነሱ ሰውዬ እንዲያውም ጭምብል አያስፈልገውም። መነጽር ያደርጋል፣ ትንሽ ይጎብጣል፣ በቃ፣ አጠገቡ ቁጭ ብላ የምትሠራው ሴት እንኳ አታውቀውም። ስፓይደርማን በ1962 እ.ኤ.አ. ሲመጣ ነገሩ ወደ ሰፈር ቀረበ። ወላጅ የሌለው፣ ከአክስቱ ጋር የሚኖር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው፤ የቤት ኪራይ ያስጨንቀዋል። ወጣቶቹ የወደዱት ግድግዳ ስለሚወጣ ብቻ አይመስለኝም። የአክስቱ ነገር እንቅልፍ ስለሚነሳው ነው። እሱም ግን ፊቱን ሸፍኖ ይወጣል፤ ኒውዮርክም ዝም ይለዋል።

እኛም ጋ መሸፈኛ ሞልቷል። ብርድ በሆነ ጠዋት ግማሹ ከተማ ከነጠላና ከጋቢ ውስጥ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ቢሆንም ከማራኪ እስከ ፒያሳ ስትሄድ ቢያንስ ሦስት ሰው በአረማመድህ ያውቅሃል። አንዷ ደግሞ «እናትህ ተሻላት?» ትልሃለች። እንግዳ ይዤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በገባሁ ቁጥር ጣሪያውን ቀና ብዬ አያለሁ። ከዳር እስከ ዳር የመላእክት ፊት ነው፤ ፊትና ክንፍ ብቻ። የትም ብትቆም የሚያይህ ዓይን አለ። ሰፈራችንም እንደዚያው ነው፤ ክንፉ ነው የጎደለው።

እንግዲህ ጭምብሉን እናውልቀውና ምን እንደሚፈጠር እንይ። የራሴን ምሳሌ ላምጣ። ስሟን እናኒ እንበላት። 12ኛ ክፍል ናት። ኃይሏ ያስቃል፦ ውሃ ከመምጣቱ ሁለት ሰዓት አስቀድማ ቧንቧው ውስጥ ትሰማዋለች። አለቀ። አትበርም፣ ግድግዳ አትሰብርም።

ለሌላ ከተማ አንባቢ ላስረዳ። ጎንደር ውሃ በፈረቃ ነው። አንገረብ ግድብን ደለል ጎድቶታል፤ ከተማው ደግሞ አድጓል። መገጭ ግድብ ሊያልቅ ነው ሲባል አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ ዛሬ የእናኒ የክፍል ጓደኛ ነው። ውሃ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው። አንድ ሰው ነቅቶ ያድራል፤ ብዙውን ጊዜ ያ ሰው ሴት ልጅ ናት። ቧንቧው መጀመሪያ እንደ ሰው ያስላል። ከዚያ አየር ይተፋል፣ ከዚያ የዛገ ውሃ፣ ከዚያ ንጹሁ። እናኒ ሳሉን ከሌላው ሁሉ በፊት ትሰማለች። ይህን ኃይል እዚህ ከተማ ውስጥ በመብረር የሚለውጥ ሰው ካለ አሳዩኝ።

ታዲያ ጭምብል የለማ። ወሬው በሁለት ቀን ሰፈሩን ያዳርሳል። መጀመሪያ የምትደነግጠው እናቷ ናት። የውጭዎቹ ጀግኖች ኃይላቸውን ያወቁ ዕለት ልብስ ይሰፋሉ። እናኒን እናቷ ጎህ ሳይቀድ ቀስቅሳ ጸበል ነው የምትወስዳት። ሰባት ቀን ትጠመቃለች። በሰባተኛው ቀን ጸበሉ ከድንጋዩ ሥር ሲመጣም ትሰማዋለች። አሁን ምን ይደረግ?

ነገሩ ሳቅ ብቻ አይደለም። በአገራችን ከሰው የተለየ ነገር የቻለ ሰው ጭብጨባ ብቻ አልጠበቀውም። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው «ቡዳ» ተብለዋል። ይቺን ከተማ ከገነቡት እጆች መካከል የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አንጥረኞች ነበሩ፤ ሙያቸው ከስድቡ አላዳናቸውም። የቀድሞው የቤተ እስራኤል መንደር ወለቃ ድረስ ሄዶ ሸክላ የገዛ ሰው ታሪኩን እዚያው ይሰማል። አንድ ወጣት ጸሐፊ ይህን ትቶ ከሌላ ፕላኔት ጠላት ሲያስመጣ ሳይ አዝናለሁ። ችሎታው የሚያስፈራው ልጅ፣ ችሎታውን የሚፈራ ሰፈር፤ ከዚህ በላይ ምን ሊፈልግ ነው?

ከፍርሃቱ በኋላ ደግሞ ወረፋው ይመጣል። ጠዋት በራቸው ላይ አምስት ጀሪካን ይቆማል። «እናኒዬ፣ ዛሬ አለ?» ማታ አሥራ አምስት ይሆናል። ታናሽ ወንድሟ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ይከፍትና ራሱን አድሚን ያደርጋል። ዘመናዊ ጀግና ሲባል ስልክ ማስያዝ የሚመስላቸው አሉ። ስልክ ሁሉም ይዟል። ዘመናዊው ነገር ወንድሟ ሳያስፈቅዳት ጆሮዋን ለሦስት መቶ ሰው ማካፈሉ ነው። እሷ ደግሞ እምቢ ማለት አትችልም። ለምን? ይሉኝታ። የሱፐርማን ጉልበት አረንጓዴ ድንጋይ ሲያይ ይከዳዋል ይባላል። የእኛ ልጅ ጉልበት የሚከዳት አንዲት አሮጊት «አንቺንማ አላስቸግርም ብዬ ነበር» ሲሏት ነው።

እዚህ ላይ ነው እውነተኛው ጣጣ የሚጀምረው። ከእነ እናኒ አጥር አጠገብ ባላቸው የሞተባቸው አንዲት ሴት አሉ። ሮቶ አላቸው። ውሃ ሲመጣ ይሞሉታል፣ ሲጠፋ በጀሪካን ይሸጣሉ። በዚያች ገንዘብ ሁለት ልጅ ያስተምራሉ። የእናኒ እናት ታማ የተኛች ጊዜ ልጆቹን ያበሉትም እኚሁ ሴት ናቸው። እናኒ ሰዓቱን ለሁሉም ከተናገረች ሁሉም ይሞላል፤ የእትየ ገበያ ግን ይዘጋል። ዝም ካለች ደግሞ ከላይኛው ሰፈር ያሉ አራስ እየገዙ ይጠጣሉ። እስቲ ተንኮለኛው የታለ? እኔ ፈልጌ አጣሁት። አንድ የ17 ዓመት ልጅ ይህን ሲያነብ ሁለቱንም ወገን በስም እንደሚያውቃቸው ግን እርግጠኛ ነኝ።

በዚህ ሁሉ መሃል ፈተና አለባት። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር ተማሪዎቼ እንደ ስልክ ቁጥራቸው ይዘውታል። ሌሊት ውሃ ስታዳምጥ ያደረች ልጅ ጠዋት ሒሳብ ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች። ከተማውን ያጠጣው ጆሮ ፊዚክስ አያሳልፍም።

ይህን ሁሉ ለልጆቹ ስነግራቸው ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር» አለችኝ፣ «ጀሪካን እኮ ቤትም አለ።»

ልክ ናት። ልጅ ልብ ወለድ የሚያነበው የቤቱን ጣጣ እንደገና ለመቁጠር አይደለም። እኔም በእሷ ዕድሜ ዳማከሴ ፈልጊ ተብላ ከተላከች ልጅ ይልቅ በፈረስ የሚሸሽ ሽፍታ ነበር የማነበው። ስለዚህ አስደናቂ ነገር የግድ ያስፈልጋል። ነገር ግን እሱም ከዚሁ ይገኛል። የፋሲል መዋኛ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። ለጥምቀት ሲደርስ ከቀሃ ወንዝ ውሃ ተስቦ ይሞላል። አንድ ምሽት እናኒን እዚያ ውሰዷት። ገንዳው ባዶ ነው። የግንቡን ድንጋይ ያቀፉት የዋርካ ሥሮች በጨለማ ይታያሉ። ውሃው ገና ቀሃ ላይ ነው፤ እሷ ግን ሰምታዋለች። ከአራት መቶ ዓመት ሊደርስ ትንሽ በቀረው ግንብ ሥር በድንጋይ ለድንጋይ እየተሳበ ሲመጣ፣ ብቻዋን፣ ጆሮዋን ግንቡ ላይ ለጥፋ ትሰማዋለች። ለዚያች ልጅ ይህን ስነግራት «እሺ፣ ይሄ አሪፍ ነው» አለች። ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አገር ውስጥ ሱፐርሂሮ አልተሞከረም ማለቴ አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. ጀምበር የተባለ ኮሚክ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ወጥቷል፤ ጀግናው ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ምሩቅ ነው። ሥራ መፈለጉ ራሱ ከካባው በላይ ያቀርበዋል። እኔ የምለው የየከተማው ልጅ የየራሱን ያምጣ ነው፤ አፉም የሰፈሩ ይሁን። ደብተሮቹ ውስጥ ያሉት ጀግኖች የትርጉም ፊልም አማርኛ ነው የሚናገሩት። «ኦ አምላኬ፣ ከዚህ መውጣት አለብን!» ይላል አንዱ። ጎንደሬ ሲደነግጥ እንዲህ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ስለ ጀግና ካነሣን ፒያሳ የቆሙትን አፄ ቴዎድሮስን ማለፍ አይቻልም። ተማሪዎቼ ስለ እሳቸው ሲጽፉ መቅደላንና ሽጉጡን ይጽፋሉ። እኔን ሁልጊዜ የሚይዘኝ ግን ስድቡ ነው። ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ይሏቸው ነበር። ንጉሥ ከሆኑም በኋላ አልተዋቸውም። አያችሁት? እሳቸውም «የማን ልጅ ነህ?» ከምትለው ጥያቄ አላመለጡም። እናቱ ጉልት የምትሸጥ፣ ክፍል ውስጥ የአባቱ ሥራ ሲጠየቅ አንገቱን የሚደፋ ልጅ ከሐውልቱ ይልቅ በዚህ በኩል ነው የሚቀርባቸው።

አንድ የሚከብደኝ ነገር አለ። ጀግና የሚለው ቃል በፉከራና በሽለላ ያደገ ቃል ነው። ስንት ጣለ ተብሎ ነው የሚለካው። ባለፉት ዓመታት በዚህ ከተማ ተኩስ እየሰሙ የተኙ፣ ትምህርት የተቋረጠባቸው ልጆች አሉ። ጠመንጃ የያዘ ጀግና ለእነሱ ምናብ ሊሆንላቸው አይችልም፤ ከመስኮታቸው ውጭ ሰምተውታል። የማይተኩስ ጀግና ጻፉ ስላቸው ግን ወንዶቹ ፊታቸው ይጨማደዳል። ፈሪ ሊመስልባቸው ነው። ሳይጥል የሚደነቅ ሰው መጻፍ ከባድ ነው። እኔም ገና አልቻልኩበትም። እናኒን ውሃ ያሰማኋት ምናልባት ከዚህ ሸሽቼ ይሆናል።

የመጀመሪያው ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ደብተሩን ይዞ ተመለሰ። ጭምብሉን ሰርዞታል። ጣሪያውን ግን አልተወም፤ ግትር ነው፣ ደስ ይላል። ልጁ ይዘላል። ቆርቆሮው ይጮኻል። ውሾቹ ይነሣሉ። ሰውየው ጋቢ ተከናንበው፣ ባትሪ ይዘው ይወጣሉ።

«ማነህ አንተ? የማን ልጅ ነህ?»

«የእትየ ዘውዴ።»

ባትሪው ፊቱ ላይ ትንሽ ይቆያል።

«እሺ» ይላሉ፣ «እዚያው ሳለህ ያቺን የለቀቀች ሚስማር ምታልኝ። ክረምት ሊገባ ነው።»