ማስተካከያ፦ የቦክስ ብሌድ ስፋት በፈረስ ጉልበት ብቻ አይመረጥም

በአነስተኛ ትራክተር ኋላ ተገጥሞ የጠጠር መንገድ ስለሚደለድለው ቦክስ ብሌድ (ምላጭ ስለተገጠመለት ሣጥን መሰል መሣሪያ) ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ፣ «ለእያንዳንዱ ጫማ ስፋት 5 የፈረስ ጉልበት ይበቃል» የሚል ስሌት ሰፍሯል። ስሌቱ ለመነሻ ያህል ይጠቅማል፤ ብቻውን ግን ገዢን ያሳስታል።

በቅድሚያ የሚለካው ከአንዱ የኋላ ጎማ ውጫዊ ጠርዝ እስከ ሌላው ያለው ርቀት ነው። ምላጩ ቢያንስ ይህን መሸፈን አለበት፤ ካነሰ የጎማው ዱካ ሳይደመሰስ ይቀራል፣ አጥር ሥር ያለውንም አፈር መድረስ ያስቸግራል። 25 የፈረስ ጉልበት ያለውና የኋላ ስፋቱ 120 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትራክተር እንውሰድ። በስሌቱ መሠረት 5 ጫማ ወይም 152 ሳንቲ ሜትር ይገባዋል። ባለ 4 ጫማው ግን 122 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ዱካውን ለጥቂትም ቢሆን ይሸፍናል።

ትራክተሩ ቀላል ከሆነ እኔ ባለ 4 ጫማውን እመርጣለሁ፤ ሻጭ ሰፊውን ቢያሞግስ አይገርምም። ሣጥኑ በእርጥብ አፈር ሲሞላ፣ በተለይም መቆፈሪያ ጥርሶቹ ወርደው መሬት ሲነክሱ፣ ቀድሞ የሚሸነፈው ሞተሩ ሳይሆን ጎማው ነው፤ ባለበት ይሽከረከራል። ጉልበት ቢተርፍም ክብደት ከሌለ አይጎተትም።

የትራክተሩ የማንሳት አቅምም ሲታይ መሣሪያው ከኋላ ከሚገጠምበት ማያያዣ ጫፍ 61 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ የተለካው ቁጥር ይወሰድ። ከኋላ የተነሣው ሸክም ከበዛ የፊት ጎማዎች ይቀልላሉ፤ መሪውም አይታዘዝም።