ምስጋናው ሌሊት ለምታገላብጠው ይድረስ

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው እናቱን ወይም አባቱን ነርሲንግ ሆም ያስገባ ሐበሻ ብዙውን ጊዜ በሩን የሚያልፈው አንገቱን ደፍቶ ነው። «ወላጁን ለሰው ሰጠ» መባልን ይፈራል። ያ ሐፍረት መውጫ ሲያጣ አልጋው አጠገብ ባገኛት ረዳት ነርስ ላይ ያርፋል፦ አንሶላው ለምን ተጨማደደ፣ የእናቴ ጸጉር ለምን አልተበጠረም? ሐኪሙ በፌዴራሉ ደንብ መሠረት ከመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት በኋላ በ60 ቀን አንዴ ብቅ ቢል ይበቃዋል፤ እሱን ግን ከወንበራችን ተነሥተን እናመሰግናለን። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት እንላለን።

ሲኤንኤ የምንላቸው ረዳት ነርሶች፣ ብዙዎቹም የእኛው ልጆች፣ የፌዴራሉ ሕግ የሚጠይቃቸው ሥልጠና ቢያንስ 75 ሰዓት ነው። የሚሸከሙት ኃላፊነት ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል። አንዱን ሥራ ብቻ እንይ። በራሱ መገላበጥ ያቃተው ሰው በተለመደው አሠራር በየ2 ሰዓቱ ጎኑ ይቀየርለታል፣ ሌሊትም ቢሆን። ከሥሩ የተነጠፈውን አንሶላ ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ ይዞ ከፍ ያደርገዋል እንጂ አይጎትተውም፤ ከተጎተተ ቆዳው ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ከሥሩ ያለው ሥጋ ወደ ሌላ ይሄድና ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበጠሳሉ። በዳሌው ላይ ሙሉ በሙሉ አይተኛም፤ 30 ዲግሪ ያህል ዘንበል ይላል። አንድ ትራስ ከጀርባው፣ አንዱ በጉልበቶቹ መካከል፣ ሌላው ከባቱ ሥር ይገባል፤ ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ።

ከዚያ ቆዳው ይታያል። በአንድ ጎን ብዙ ከመተኛት ለሚመጣ ቁስል የመጀመሪያው ምልክት ተጭነውት የማይጠፋ ቅላት ነው ይባላል። በእኛ የቆዳ ቀለም ላይ ግን ቅላቱ በቀላሉ አይታይም። ስለዚህ ጎበዟ ረዳት በዓይኗ ብቻ አትተማመንም፤ በእጇ ትዳስሳለች። ቦታው ከዙሪያው ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል? ጠጠር ብሏል? ጠቆር ብሏል? ይህ ሳይታወቅ ካለፈ ቁስሉ እስከ አጥንት ሊዘልቅ ይችላል፤ ለመዳንም ወራት ይፈጃል። ቁስል ያልወጣበት ተረከዝ ማንም የማያየው የእሷ ሥራ ነው።

አሁን ሰዓቱን እናስላ። አንዲት ረዳት በ8 ሰዓት ሺፍት 10 ሰው ቢደርሳት ለአንዱ 48 ደቂቃ ነው ያላት። ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት፣ ዳይፐር መቀየር፣ ማገላበጥ ሁሉ በዚያ ውስጥ ነው። በ2024 የወጣው የፌዴራል ደንብ ለአንድ ነዋሪ በቀን ቢያንስ 3.48 ሰዓት እንክብካቤ እንዲመደብ ይጠይቅ ነበር፤ በ2025 ፍርድ ቤት ሻረው። የሰው እጥረቱን ቅሬታ ለአስተዳደሩ፣ ካልሰማም ለስቴቱ ኦምቡድስማን (የነዋሪዎችን ቅሬታ ተቀብሎ ለሚከታተለው ቢሮ) ማቅረብ ተገቢ ነው። ሩጫው ላይ ያለችውን ሴት ግን መውቀስ ተገቢ አይደለም።

እሷን የሚጠቅማት ምስጋና ምን ዓይነት ነው? ገንዘብ አይደለም፤ አብዛኞቹ ነርሲንግ ሆሞች ይከለክላሉ፣ ሥራዋንም ሊያሳጣት ይችላል። መጀመሪያ ሥራዋን እናቅልልላት። «ውሃ»፣ «ያመኛል»፣ «ሽንቴ መጣ»፣ «በረደኝ» የሚሉትን ቃላት በእንግሊዝኛ ፊደል ከነትርጉማቸው ጽፈን ግድግዳው ላይ እንለጥፍ፤ የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው እንግሊዝኛውን ጥሎ ወደ አፍ መፍቻው ሊመለስ ይችላልና። ረቡዕና ዓርብ ወተትና ሥጋ የምትመልስ እናት «ምግብ አልፈልግም አለች» ተብላ እንዳትመዘገብ ጾሙን እናስረዳ፤ በአንድ ወር 5 በመቶ ክብደት መቀነስ እንደ ከባድ ምልክት ይታያል። ማተቧ ሲታጠቡ እንዳይቆረጥም እንንገራቸው።

ጉርሻና ጠበል ላይ በተለይ እንጠንቀቅ። መዋጥ ለተቸገረ ሰው ፈሳሽ በማወፈሪያ ዱቄት እንዲወፍር የሚታዘዘው ቀጭን ውሃ ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል ነው። ጠበሉን ለነርሷ አሳይተን እንዲወፍር እናድርግ፤ 90 ዲግሪ ቀና አድርገን እናጠጣ፤ ከዚያም 30 ደቂቃ ቀና እንዳለ ይቆይ። በፍቅር የገባ ጉርሻ ሳንባ ምች ሲያመጣ ጥያቄው የሚመጣው በረዳቷ ላይ ነው።

ድፎ ዳቦ ስንወስድ ለሦስቱም ሺፍት ከፍለን፣ የሌሊቱን ለብቻው አሽገን፣ ምን ምን እንደገባበት ጽፈንበት ይሁን። የጠዋቱ ሺፍት ሁሉን ከጨረሰው፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት (11 ፒኤም) የምትገባዋ ባዶ ትሪ ነው የምታገኘው።

ደግሞም እንጻፍ። ቅሬታ በወረቀት፣ ምስጋና በቃል ስለሚሄድ የሠራተኛዋ ማኅደር በወቀሳ ብቻ ይሞላል። «ጎበዝ ናት» ማለት አይበቃም። ለአስተዳዳሪውና ለነርሶች ኃላፊ፣ ስሟንና ሺፍቷን ጠቅሰን እንዲህ እንበል፦ «ማክሰኞ ሌሊት የእናታችን ግራ ተረከዝ ሞቆና ጠጥሮ አገኘችው። ወዲያው ለነርሷ ነገረች፤ ትራሱንም አስተካከለች። ቁስል አልወጣም። ይህ ደብዳቤ ማኅደሯ ውስጥ እንዲቀመጥልን እንጠይቃለን።»